የፖሊስና የአምቡላንስ ጥሪ መዝገብ ለቤተሰብ፦ ጅማ ላይ የገጠመን አገልግሎት

ከፍሬ ነገሩ ልጀምር። ጅማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሞተበትን ወይም የተጎዳበትን ሰው የሚመለከት የፖሊስ መዝገብ ጠይቆ ማግኘት ይችላል። መዝገቡ አለ። በሥርዓቱ ለጠየቀ የሚሰጥ ቅን ሠራተኛም አለ። የሌለው በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ለእናንተ ይሰጣል፣ ይሄ አይሰጥም፣ ያኛው ደግሞ እዚያኛው ቢሮ ነው» ብሎ የሚናገር መስኮት ነው። በዚህ ምክንያት ሐዘን ያደቀቀው ሰው ደጅ ሲጠና ይከርማል። የድንገተኛ ጥሪው መዝገብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። የጣቢያውንና የቢሮዎቹን ስም አልጽፍም። ሠራተኞቹ ነገም እዚያው ናቸው፣ እኛም የዚሁ ከተማ ሰዎች ነን።

ጉዳያችን እንዲህ ነው። አጎቴ ባለፈው ክረምት ማታ ከጅማው መርካቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪና ገጨው። መኪናው አልቆመም። ዝናብ ይጥላል፣ መብራት የለም፣ መንገዱ ላይ የነበረው አንድ የሰፈር ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ለፖሊስ ደወለ፣ ለአምቡላንስ ደወለ፣ አምቡላንሱ ሲዘገይበት ባጃጅ አስቁሞ አጎቴን አቅፎ ራሱ ሆስፒታል አደረሰው። አጎቴ ግን አልተረፈም።

ከቀብር በኋላ ለቅሶ ቤት ወሬ ተጀመረ። ልጁ ቶሎ አልደወለም ተባለ። መጀመሪያ ለጓደኛው ነው የደወለው፣ ደንግጦ ቆሞ ነበር፣ ቶሎ ቢደውል ኖሮ ይተርፍ ነበር ተባለ። መጀመሪያ ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አይታወቅም፣ ግን ድንኳኑ ሳይፈርስ ሰፈሩን አዳረሰው። ልጁ ለቅሶ መምጣቱን ተወ። እናቱም ከእኛ ቤት እግራቸውን ሰበሰቡ። የአጎቴ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ሰዓት ተደወለ? አምቡላንሱስ ስንት ሰዓት ተነሳ? እሱን ብቻ ንገሩኝ። ማንንም ልከስ አይደለም።»

ይህን ቃል ልብ በሉልኝ። ቢሮዎቹ ቤተሰብ መዝገብ ሲጠይቅ ከሳሽ የመጣ ይመስላቸዋል፣ ወዲያው ይከላከላሉ። አብዛኛው ቤተሰብ ግን የሚፈልገው እውነቱን አውቆ ማደር ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ያ ሰዓት አንድ ወጣት ልጅ ያለ ጥፋቱ የተሸከመውን ነገር የሚያወርድለት ነበር።

መጀመሪያ ያልገባን፣ ብዙ ሰውም የማያውቀው፣ «የፖሊስ መዝገብ» የሚባል አንድ ነገር አለመኖሩን ነው። ጣቢያ ውስጥ የዕለት ሁኔታ የሚጻፍበት መዝገብ አለ፤ ተረኛው በዚያ ሌሊት ማን ደወለ፣ ምን ተባለ፣ ማን ተላከ የሚለውን መስመር በመስመር ያሰፍርበታል። ከዚያ ሌላ የምርመራ መዝገብ አለ፤ ይሄ የራሱ ቁጥር ያለው ፋይል ሆኖ የምስክር ቃል፣ የሕክምና ማስረጃና ሌላውም የሚታሰርበት ነው። የመኪና አደጋ ከሆነ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳው ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ አለ። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፣ የሚሰጡበትም መንገድ የተለያየ ነው። ሄዳችሁ በደፈናው «መዝገቡን ስጡን» ካላችሁ የሚሰማው ሰው የምርመራውን ፋይል ያስባል፣ መልሱም ያው ነው።

እኛንም ተረኛው «የምርመራ ሚስጥር ነው፣ አይሰጥም» ብሎ መለሰን። እትዬን «ማዘር፣ እኔ ብፈልግም አልችልም» አላቸው፣ በደህና አነጋገር ነው። እሳቸውም «ልጄ፣ ማን ምን አለ አላልኩህም፣ ሰዓቱን ነው ያልኩህ» አሉት። ዝም አለ። በእኔ ግምት እሱም አያውቅም ነበር። የትኛው እንደሚሰጥ፣ የትኛው እንደማይሰጥ የነገረው የለም። ሰው ከማያውቀው ነገር ጋር ሲገጥም «አይቻልም» ማለት ይቀለዋል፣ ምክንያቱም «አይቻልም» ብሎ የተጠየቀ ሠራተኛ እስካሁን አላየሁም።

በሩን የከፈተልን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገብተን ረጅም ማመልከቻ አስጻፍን፤ ሐዘኑ፣ ታሪኩ፣ የአጎቴ ደግነት ሁሉ ገብቶበታል። ከዚያ ሰው ጠቆመንና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ወደሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ ሄድን። እዚያ ያገኘናት ልጅ አንብባ ስትጨርስ እትዬን በደንብ አጽናናቻቸው፣ ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ ከማመልከቻው አብዛኛውን ሰረዘችው። የቀረው ይህን ያህል ነው፤ በዚህ ቀን ከምሽቱ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ በዚህ ቦታ ስለደረሰ የመኪና አደጋ በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ የሰፈረው፣ ጥሪው የደረሰበት ሰዓትና ፖሊስ የተሰማራበት ሰዓት፣ የሌላ ሰው ስም ሳይገለጽ፣ ለሟች ባለቤት በጽሑፍ ይሰጥልን። በቃ። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ አዘጋጀችልን፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ መዝገብ ቤቱም ኃላፊውም ወዲያው ያነቡታል። ይህ አገልግሎት ብር አይጠየቅበትም። ጅማ ሆናችሁ ጠበቃ የማትችሉ ከሆነ ከሁሉም በፊት እዚያ ሂዱ፣ ከልቤ ነው የምለው።

ስለ ሕጉም ያስረዳችን እሷው ናት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብትን አስቀምጧል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ይህን ወደ ሥራ ያወርደዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄ ሲቀርብለት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የሦስተኛ ሰው የግል ጉዳይ ለማንም አይሰጥም፣ ሟችም ቢሆን። ነገር ግን ጠያቂው የሟቹ የቅርብ ቤተሰብ ሲሆን አዋጁ በሩን ይከፍታል። ቅር የተሰኘ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዳንድ ሠራተኛ «አዋጁ ተሽሯል» ይላችኋል። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የተካው የሚዲያውን ክፍል ነው፣ መረጃ የማግኘቱን ክፍል አልሻረውም። ይህን በትሕትና ንገሯቸው። እኛ ስንነግር ሰውዬው ተነስቶ አለቃውን ጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ።

ምርመራው ሳያልቅ ፖሊስ የፋይሉን ውስጥ ላለማሳየት የሚሰጠው ምክንያት ግን እውነተኛ ምክንያት ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ። የገጨው ሰው አልተያዘም። የምስክሮች ስም ሰፈር ውስጥ ቢዞር ለማንም አይበጅም። ስለዚህ የምርመራውን መዝገብ አልተጨቃጨቅንበትም፣ ቁጥሩን ብቻ ጽፈን ወሰድን። የቁጥሩ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ዐቃቤ ሕግ ጋ ብትሄዱ፣ መድን ጋ ብትሄዱ ያናግሯችኋል። ያለ ቁጥር ከሄዳችሁ እንደገና ከሀ ነው የምትጀምሩት።

ማመልከቻውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደረግን። እዚህ ላይ አደራ፣ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመቱበት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። «ተዉት፣ እኔ ለኃላፊው እሰጠዋለሁ» የሚል ደግ ሰው ቢገጥማችሁም አመስግኑትና መዝገብ ቤት ግቡ።

የመዝገብ ቤቷን ሴት መርሳት አልችልም። ኃላፊው ከመራበት በኋላ ትልቁን መዝገብ አውጥታ የዚያን ሌሊት ገጽ ገለጠች። ከላይና ከታች ያለውን የሌላ ሰው ጉዳይ በነጭ ወረቀት ሸፈነችው። ከእኛዋ መስመር ሥር ማስመሪያ አስቀመጠች። ከዚያ ወንበር ስባ እትዬን አስቀመጠቻቸውና ቀስ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ እንደተጻፈው፣ ቀጥሎ በአማርኛ አነበበችላቸው። ጥሪው የደረሰው ከምሽቱ 2፡20። ከዚያ ያንኑ መስመር የያዘ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተጻፈልን። ሕጉ የሚጠይቀው ይህ ነው፣ የሌላውን ሰው ሚስጥርም ጠበቀች፣ የእኛንም መብት ሰጠች። ማንም ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ይህችን ሴት ወስዶ ያሳይ። ለእሷ አምስት ኮከብ ሙሉ።

አሁን ሰዓቱ ምን እንዳሳየ ልንገራችሁ። እትዬ ስልክ ላይ የአጎቴ የመጨረሻ ጥሪ አለ፣ «መጣሁ፣ በሩን አትቆልፉ» ያላቸው፣ 20፡09 ይላል። የልጁ ስልክ ላይ ለፖሊስ የወጣው ጥሪ 20፡17 ነው። ጣቢያው የመዘገበው 2፡20። አጎቴ ከደወለ በኋላ ተራምዷል፣ ከዚያ ተገጭቷል፣ ልጁ አይቶ ሮጧል፣ ደውሏል፣ ይህ ሁሉ ስምንት ደቂቃ ውስጥ ነው። ለጓደኛ የተደወለ ጥሪ በመካከል የለም። እትዬ ደብዳቤውን ይዘው ራሳቸው ልጁ ቤት ሄዱ። እናትየው በር ላይ አይተዋቸው መጀመሪያ ደነገጡ። እትዬ ግን ደብዳቤውን ለልጁ ሰጥተው «አንብበው፣ ጮክ ብለህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ልጅ የሚያወራ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልሰማሁም።

ሰዓት ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ በፈረንጅ ሰዓት ይጽፋል፣ ጣቢያው በእኛ ሰዓት፣ የሆስፒታል ካርድ ላይ ደግሞ አንዱ ሐኪም በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ ይጽፋል። ቀኑም እንደዚያው። ማመልከቻችሁ ላይ ቀኑንም ሰዓቱንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፣ «ማታ» ወይም «ከሰዓት» የሚለውን አትተዉ። 2፡20 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሌሊትም፣ ቀንም፣ ማታም ሊሆን ይችላል። የስልካችሁን የጥሪ ዝርዝር ደግሞ በዚያው ሳምንት ስክሪንሾት አንሱት፣ አዲስ ጥሪ ሲበዛ አሮጌው ይገፋል። ልጁ ያነሳው ወዲያው ስለነበር ነው የተረፈው።

ወደ አምቡላንሱ ልምጣ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር መጻፍ አልችልም።

የፖሊስ ስልክ 991 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን ሰው ሲጨንቀው የሚደውለው ለሚያውቀው ነው፤ ለጣቢያው ቀጥታ ስልክ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለወረዳ አምቡላንስ፣ አንዳንዴ ለሹፌሩ ሞባይል። መዝገቡ የሚገኘው ደግሞ ስልኩን ያነሳው ቢሮ ጋ ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የተደወለበትን ቁጥር ከደዋዩ ስልክ ላይ እዩ። የሹፌር ሞባይል ላይ ብቻ የተደወለ ከሆነ ቢሮው «አልደረሰንም» ቢላችሁ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ልጁ የደወለበት የአምቡላንስ ቢሮ ግን ስልኩን ማንሳቱን አልካደም። ያስቸገረው ሰዓቱን ማወቁ ነው። የስምሪት መዝገቡን የምትይዘው ሠራተኛ ፈቃድ ላይ ናት ተባለ። ከፈቃድ ስትመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ኃላፊው ሲገኝ «የዚያን ቀን መኪናው ሌላ ስምሪት ላይ ነበር» ብሎ በቃል ነገረን። ሊሆን ይችላል። አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አይገኝም፣ ወላድ ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሰው ይህን ይረዳል። ታዲያ ይህንኑ በወረቀት ስጡን አልን። አልተሰጠንም። እትዬ ከዚያ ሲወጡ «ሌላ ሰው ሲያድኑ ከነበረ እሰየው፣ ግን ይንገሩኝ» ነው ያሉት። ይህን የሚል ሰው ፊት ደብተር ገልጦ ሰዓት ማሳየት ለምን እንደሚከብድ ሊገባኝ አልቻለም።

ሌላም መንገድ አለ፣ ለሚመጣው ሰው እጽፈዋለሁ። የስምሪት ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ የመንግሥት መኪና የኪሎ ሜትርና የነዳጅ መዝገብ አለው። ከየት ወዴት እንደሄደ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ ለነዳጅ ሒሳብ ሲባል ይሞላል። ጥያቄያችሁ ላይ እሱንም ጨምሩ። እኛም ሁለተኛውን ማመልከቻ እንደዚያ ጽፈን ገቢ አስደርገናል፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

ስልክ ድርጅቱን በአጭሩ። የራሳችሁን ሲም የጥሪ ዝርዝር በስማችሁ የወጣ ከሆነ መታወቂያ ይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። የሟች ስልክ ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሰጥም። እኛም ጠይቀን ተከለከልን፣ አልተከፋሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰው በስልክ ያደረገውን ግንኙነት ይጠብቃል፣ አጎቴም ከማን ጋር እንዳወራ ማንም ዘመድ ነኝ ባይ ተነስቶ ባያነብ ይሻላል። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ይህን በደህና አስረድቶ ለፍርድ ቤት ምን ብለን እንደምናመለክት ጭምር ነገረን። ሲከለክሉ እንዲህ ከሆነ ሰው አይቀየምም።

የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ብዙ አይደለም፣ ግን አንዱ ከጎደለ ትመለሳላችሁ። የጠያቂው መታወቂያ፣ ከሟች ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሳይ ነገር፣ ማለትም የጋብቻ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት፣ አለበለዚያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ፣ ከዚያ የሞት ምስክር ወረቀት። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይላል፣ ሐዘን ላይ ሆኖ ይህን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ ስለዚህ ከዘመድ አንድ ጠንካራ ሰው ቀበሌ ላኩ። ሰውዬው በሕይወት ካለና አልጋ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ባለጉዳዩ እሱ ነው፣ ፈርሞ ወይም ውክልና ሰጥቶ ነው የምትጠይቁለት። ሚስቱ ነኝ፣ ወንድሙ ነኝ ብቻውን አይበቃም፣ መብቃትም የለበትም።

ለመድን የምትሮጡ ከሆነም ይህ ሁሉ ይጠቅማል። የገጨው መኪና ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ተጎጂው ባዶ እጁን አይቀርም፤ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለዚህ ሲባል የመድን ፈንድ እንዲኖር አድርጓል። እዚያ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የፖሊስ ማስረጃ ነው። ብዙ ሰው ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። አትተዉት።

በአጠቃላይ ፖሊስ ጣቢያውን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በር ላይ ያለው ተረኛ ከውስጥ ያለችው ሠራተኛ የምታውቀውን ባለማወቁ ነው። ይሄ በአንድ ገጽ ማስታወቂያ ይፈታል፤ የትኛው ለቤተሰብ ይሰጣል፣ ምን ይዞ ይመጣል፣ ማን ክፍል ይገባል፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ነው። አምቡላንሱ ቢሮ ለጊዜው አንድ ኮከብ ነው፣ እሱም ስልኩን አንስተናል ብለው ስላልካዱ። ሁለተኛው ማመልከቻ 30 ቀኑ ካለፈ ለበላይ ኃላፊው፣ እዚያም ካልሆነ ለእንባ ጠባቂ እንወስደዋለን፣ እትዬ ወስነዋል። የሚመጣውን መልስ እዚሁ እጽፈዋለሁ።